ራሱ ተቆርጦ የሚመጣው ዓሣ

ባለፈው ማክሰኞ ጫጫ ላለ ደንበኛዬ የጠረዝኩትን ዳዊት አድርሼ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከተማውን እንደወጣን ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ሽታ ተነሣ፤ ጭስ የነካው፣ ጭቃም የሚያስታውስ፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚል።

«ረዳት፣ ምን ጭነህብን ነው?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ።

«እኔ ሰው ብቻ ነው የጫንኩት፣ እማማ።»

«ሰው እንዲህ አይሸትም።»

«እሱማ እንደ ሰዉ ነው» አለ ረዳቱ፣ ሁሉም ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ሴት ግን አልሳቀችም። በሁለት እግሮቿ መሃል የያዘችውን ጆንያ አፍ ጠበቅ አደረገችና፣ «የደረቀ ዓሣ ነው» አለች።

«የምን ዓሣ?»

«ዓሣ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ በየተራ ዞር እያለ ጆንያውን ያየው ነበር። እኔ አልዞርኩም። ሽታውን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያን ሽታ ከአፍንጫዬ ያጣሁት እኔው ራሴ ከከተማው ካባረርኩት በኋላ ነው።

ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። «አንተ ምን ትዝታ አለህ፣ ገና ልጅ አይደለህ?» ይሉኛል ትልልቆቹ። ነገር ግን የሞባይል ካርድ በሳንቲም እየተፋቀ የሚሞላበትን ዘመን ለማስታወስ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ያን ጊዜ ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የአንኮበር መኪናዎች ከሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ነበር። ሱቅ ማለቴ ቆርቆሮ ነው፤ ወርዱ እጄን ብዘረጋ ግራና ቀኙን ይነካል። መጽሐፍ እጠርዛለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ አሮጌ መጽሐፍ እየፈታሁ፣ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ እያየሁ ነው የለመድኩት። አንዱ ግድግዳዬ የእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ግድግዳ ነበር። በቆርቆሮው ስንጥቅ የወጥ ቤቷ ሙቀት ይገባል፤ በዚያ ብርድ ኮላዬ ቶሎ እንዲደርቅልኝ ያደረገው እሱ ነው። እትዬ አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ እጅዋ ፈጣን ሴት ነበረች። ሽሮ በአራት ብር ትሸጣለች፤ የዛሬውን ዋጋ ባልናገር ይሻላል። በሯ ላይ ሰማያዊ የዶቃ መጋረጃ ነበር፤ ንፋስ ሲነካው እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ቴፑ ካሴት እየጎተተ ዘፋኙን ሁሉ ጉንፋን የያዘው ያስመስለዋል። ከመንዝ የሚመጡት ገበሬዎች በርኖሳቸውን ሳያወልቁ ይበላሉ፤ የኮምቦልቻ መስመር የአይሱዙ ሾፌሮች ደግሞ አንገቱ የበግ ጠጉር የሆነ የቆዳ ጃኬት ይለብሱ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንደዚያ ያለ እገዛለሁ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልገዛ ፋሽኑ አለፈ።

የዚያ ቤት ዋናው ነገር ግን ጠረጴዛው ነበር። ሥጋ በሚሠራበት ቤት ሁለት ዓይነት ሰው ይቀመጣል፤ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። የአስካለ ቢላዋ የክርስቲያን ስለሆነ ሙስሊሞቹ ሾፌሮች በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይዘው ሽሮ ወይም እንቁላል ያዝዛሉ፤ ሌላው ከውስጥ ይቀመጣል። ጠብ የለም፤ ሰላምታም አይጓደልም፤ እንዲሁ የተለመደ ነው። ዓሣ ግን ማንም አያርደውም። ከውሃ ሲወጣ ይሞታል፤ በማን ስም እንደሞተ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ፣ ዓሣ በሚሠራበት ቀን፣ አስካለ ሁለቱን ጠረጴዛዎች ጎትታ ትገጥማቸውና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይሆናሉ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው የሚከራከሩ ነበሩ፤ የሚከራከሩትም እየበሉ ነበር። የቤቱን ኪራይ የሚችሉት እነዚያ ሁለት ቀኖች እንደሆኑ አስካለ ራሷ ትናገር ነበር።

ዓሣውን የሚያመጣው ሰይድ ነው። የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቂት ዓመት ጋምቤላ ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ተመልሷል፤ እዚያ የለመዳቸው ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ የደረቀ ዓሣ በሾፌር ይልኩለታል። ዚፑ ግማሽ ላይ የተጣበቀ ቡናማ ጃኬት ይለብሳል፤ በታኅሣሥ ውርጭ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። «አይበርድህም?» ሲሉት «ብርዱ ለእናንተ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ አያውቀኝም» ይላል። ሰው ይወደው ነበር። እኔ ግን ሰው ማመን ይከብደኛል። ሥራዬ ነው ያስለመደኝ። አንዱ መጽሐፍ ይዞ ይመጣና «አንድ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው» ይላል፤ ስትቆጥረው ሦስት ነው። ስለዚህ የሰይድን ዓሣም እንደ መጽሐፍ መረመርኩት። ቅርፊት አለው። የጀርባው ክንፍ አንድ ነው፤ ከማጅራቱ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ይሄዳል። የሆዱም እንደዚያው ረጅም ነው። ቆሮሶ አይደለም፤ ቆሮሶ ሰፊ ነው። አምባዛም አይደለም፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ክርስቲያኑም ለዚሁ ሲል አይበላውም። ራሱ ግን የለም። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ከመድረቃቸው በፊት አንገታቸው ላይ ተቆርጠዋል። «ራሱስ?» አልኩት አንድ ቀን። «ክብደት ነው፣ ደረጄ» አለኝ። በሌላ ሳምንት ለአስካለ «ራሱ ቶሎ ይበላሻል» ሲላት በግድግዳው ስንጥቅ ሰማሁ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ነገሩን በአደባባይ ያነሡት ግን ጋሽ ጌታሁን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቢሮ ጸሐፊ፣ የጠረጴዛው አባወራ የሚመስሉ ሰው።

«አስካለ፣ ይሄ ዓሣ ፊት የለውም እንዴ?»

«ፊቱን ምን ያደርግልዎታል? ሊያገቡት ነው?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ጌታሁንም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ነበር። በሚቀጥለው ረቡዕ ሁለት ሰዎች ሳይመጡ ቀሩ። ከዚያ ደግሞ አራት። አንዲት ሻይ ሻጭ ለጎረቤትዋ «ራሱን የሚቆርጡት እባብ ስለሆነ ነው» ስትል ሰማሁ። አስካለ በዚያው ቀን ማታ፣ በሯን ከመዝጋቷ በፊት፣ ወደ ቆርቆሮዬ መጣች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ አንተ ታነባለህ። ያን የዓሣ መጽሐፍህን እይልኝ። ሰይድንም የዓሣውን ራስ አምጣ እለዋለሁ። እባብ አብልቼ ከሆነ በዚህ ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም። ካልሆነ ደግሞ አንተ ነህ የምትነግርልኝ። የአንተን ቃል ያምናሉ፤ ብዙ አታወራምና።»

መጽሐፉን መጠቅለያ ወረቀት ከሚሸጥ ሰው በኪሎ ነው የገዛሁት። የፈረንጅ ነው፤ በዓለም ወንዞችና ሐይቆች ስላሉ ዓሦች ያወራል። ለራሴ ብዬ የጠረዝኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለሆነ እወደዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ በመዝገበ ቃላት አነበብኩት። ከሁሉም የማረከኝ የእባብ ራስ ስላላቸው ዓሦች የሚናገረው ምዕራፍ ነበር። እኛ ዓሣ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። እነዚህ ግን በአንድ መልክ እየተወለዱ በየውሃው የተለያዩ ናቸው። አንዱ ከስንዝር አይበልጥም፤ ከተራራ በሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት ድንጋይ ሥር ይኖራል፤ ወንዱ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ሌላው ቢያቆሙት የሰው ደረት ይደርሳል፤ በትልልቅ ወንዞች ዝግ ብሎ በሚሄደው ውሃ ያድናል፤ ልጆቹ ቀያይ ናቸው፣ ሲያድጉ ይጠቁራሉ። በሩዝ ማሳ የሚኖር አለ፤ ማሳው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዝናብ ይጠብቃል። ክረምት ከላይ በረዶ በሚጋገርበት ወንዝ የሚኖርም አለ፤ ያን ካነበብኩ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከከተማችን ወንዝ፣ ከበሬሳ ዳር ቆሜ፣ ውርጭ በሸፈነው ሣር መሃል ውሃውን አፈጥበት ነበር፤ ምንም አልወጣም። ሁሉም ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ አየር ይስባሉ። ሌላ ዓሣ በሚታፈንበት ረግረግ እነሱ ብቅ ብለው ተንፍሰው ይመለሳሉ። ልጆቻቸውንም አይጥሉም፤ እናትና አባት ከሥር ሆነው ይጠብቋቸዋል።

ሰይድ በሚቀጥለው ዓርብ የዓሣውን ራስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው። ምሳ ሰዓት ነበር፤ የቀሩትም ሳይቀሩ መጥተዋል። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። የደረቀ ነው፣ ከጡጫ ከፍ ይላል። ከላይ ጠፍጣፋ፣ ትልልቅ ቅርፊቶች እንደ ንጣፍ የተደረደሩበት፤ ዓይኖቹ ወደ ፊት የቀረቡ፤ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ወጣ ያለ፤ ጥርሱ የሚታይ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አስካለ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

አንድ የኮምቦልቻ ሾፌር «ይሄ እንኳን ዓሣ አልመሰለኝም፣ ሰይዶ» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መጽሐፉ ብብቴ ሥር ነበር፤ ሥዕሉን ገለጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ራስ ጋር አንድ ነው። በዚያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። እኔ ግን ትክክል መሆን እወድ ነበር፤ ከዚያም በላይ ሰይድን ጠርጥሬዋለሁ፤ ሁለት መልሶቹ ደብተሬ ላይ አሉ። እንዲህ አልኩ፦

«እባብ አይደለም። ዓሣ ነው፤ ቅርፊትም ክንፍም አለው። ግን ይሄ ዓሣ የእስያ ነው። እኛ አገር የለም።»

ሁለት ነገር ነው የተናገርኩት። የመጀመሪያውን የሰማ የለም።

«እኛ አገር ከሌለ» አሉ ጋሽ ጌታሁን ቀስ ብለው፣ «ከየት ነው የምታመጣው?»

ሰይድ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። «ወላሂ፣ ከባሮ ወዲህ ካለው ረግረግ ነው። በገዛ ዓይኔ ሲያወጡት አይቻለሁ። ውሃው ሲቀንስ ከደንገል መሃል እየወጣ አየር ይስባል። ልጆቹ እንደ ኳስ ሆነው ይከተሉታል፤ አንዱን ብትነካ ትልቁ ይመጣብሃል። የአገሩ ሰዎች ስምም አላቸው፣ ደረጄ፣ ጻፈው፤ ስሙ…» ብሎ ነገረኝ።

እርሳሴ ጆሮዬ ላይ ነበር። አላነሣሁትም። የተናገረው ሁሉ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ እኔ ደግሞ መግጠሙ ራሱ አጠራጠረኝ። ሱቄን ትቼ ስወጣ ገብቶ መጽሐፌን ሥዕል በሥዕል አይቶት ይሆን? ብዬ አሰብኩ። የፈረንጁን ቋንቋ እንደማያነብ እያወቅሁ።

«ታዲያ ራሱን ለምን ታስቆርጠዋለህ?» አልኩት።

ሰይድ ፈገግታው ጠፋ። ጋዜጣውን መልሶ ጠቀለለ።

«እናንተን ስለማውቅ ነዋ» አለኝ። «ራሱን ብታዩ እንዲህ እንደምትሆኑ ስለማውቅ።» ከዚያ ወደ አስካለ ዞሮ፣ «አውፍ በይኝ፣ እት አስካለ። ከሆዴ አልዋሸሁሽም» አለና የዶቃውን መጋረጃ ገልጦ ወጣ። መጋረጃው ለረጅም ጊዜ ተንሿሿ።

አስካለ ዓሣ መሥራት ተወች። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ በበሩ ያሉትም በበሩ፣ በውስጥ ያሉትም በውስጥ። ነገር ግን እባብ ያበላች የተባለች ሴት ሽሮዋም ይጠረጠራል። ከፋሲካ በፊት ቤቱን ለቀቀች። አሁን ከገበያው በላይ፣ ከልጇ ቤት ፊት ለፊት፣ በርበሬና ሽሮ ዱቄት ትሸጣለች። ባለፍኩ ቁጥር ሰላም እላታለሁ፤ «እንዴት ነህ ጠራዡ?» ትለኛለች፤ እንዲህ ስንባባል ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ሰይድ አልዩ አምባ ጨርቅ ይሸጣል ይባላል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ፤ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። አንድም ቀን አልሄድኩም።

አሁን ልናገር። መጽሐፉን ስጠርዘው ገጾቹን ቆጥሬ ነበር፤ ሳልቆጥር የጠረዝኩት መጽሐፍ የለም። ከ212 ቀጥሎ ያለው 217 ነው። ሁለት ቅጠል ጎድሏል፤ ጎድሎ ነው የገዛሁት። የጎደለውም ከዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። በኋለኛው ሽፋን ውስጥ በእርሳስ «ከ213 እስከ 216 የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የ212 የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከእስያ ውጭ ግን»። እዚያ ላይ ያበቃል። 217 ስለ ሌላ ዓሣ ነው። ያን ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ ይህን አልረሳሁትም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ስገዛ በመጀመሪያ የፈለግሁት ያን ዓሣ ነው። የአፍሪካዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከጎናቸው ጥቋቁር ጠቃጠቆ ያለበት አንዱ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ነጭ ዓባይ ረግረጎች ይኖራል። የካርታው ቀለም የእኛን ምዕራብ ጫፍ ነክቶ፣ ባሮን ይዞ ይቆማል። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ዕለት ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲቆም ሴትዮዋ ጆንያዋን ማውረድ አቃታት፤ አገዝኳት። ከዚያ «ከጋምቤላ ነው?» አልኳት።

«ለምን ትጠይቃለህ?» አለችኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ።

«እንድትሸጪልኝ ነው። ረጅሙን፣ ጠቃጠቆ ያለውን።»

ጆንያውን ፈትታ ውስጡን ገለባበጠች። አንድ አወጣች፤ ከነራሱ ነበር። እኔ ሳልናገር ከቦርሳዋ ቢላዋ አወጣች።

«ራሱን ልቁረጥልህ? እዚህ ያሉት አይወዱትም።»

«አይ፣ እንዳለ ስጪኝ።»

ስሙንም ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ይሄኛውን ጻፍኩት፤ ሰይድ ያኔ የነገረኝ ይህንኑ ይሁን አይሁን ግን ማወቅ አልችልም፤ ያኔ አልጻፍኩማ።

መጽሐፉን ከሱቅ አንሥቼ ወደ አስካለ ሄድኩ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ዱቄት ትነፋለች። በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ዓሣ ከፊቷ አስቀምጬ ፈታሁት። አላማተበችም። ወንፊቱን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየችው።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ከባሮ ነው። ያኔም ከባሮ ነበር።» መጽሐፉን ገለጥኩ። የፈረንጁን ቋንቋ ባታነብም ቁጥር ታውቃለች። ዱቄት በነካው ጣቷ መጀመሪያ 212ን፣ ከዚያ 217ን ነካች።

«መሃሉስ?»

«የለም።»

«ያኔስ?»

«ያኔም አልነበረም።»

«ይሄ መጨረሻው ላይ ያለው ምን ይላል?»

«‹ከእስያ ውጭ ግን› ይላል።»

«ግን ምን?»

«እዚያ ላይ ነው ያለቀው፣ እትዬ አስካለ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጣቷን ከገጹ ላይ አነሣች፤ የዱቄት ምልክት ቀረበት፣ እስካሁን አልጠረግሁትም። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ዓሣውን መልሳ ጠቀለለችው፣ ራሱን ከውስጥ አድርጋ፣ በደንብ።

«እኔ ሽሮ ሸጬ ኖሬአለሁ» አለች። «ይሄን ማሳየት የነበረብህ ለእኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ነገ አልዩ አምባ እወርዳለሁ።»

ጋዜጣውን ወደ እኔ ገፋች። በማግስቱ በጠዋት፣ ውርጩ ገና ከቆርቆሮው ላይ ሳይለቅ፣ መጽሐፉንና ዓሣውን ይዤ የአንኮበር መኪናዎች ወደሚቆሙበት ማዕዘን ሄድኩ። አስካለ ቀድማኝ ቆማለች፤ ጋቢዋን ደርባ፣ የክት ጫማዋን አድርጋ።

«እርስዎም ይመጣሉ እንዴ?» አልኳት። አንቱ ብዬአት አላውቅም ነበር።

ረዳቱ በሩን ሲከፍት ቀድማኝ ገባች፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ቁጭ በል» አለችኝ። «ብቻህን ብትሄድ ግማሹን ነግረኸው ትመለሳለህ።»